የድመት ክርን ሲጎዳ «ራሷ ትድናለች» ብለን አንጠብቅ

ዛሬ እንደ እንስሳት ሐኪም ሲያሳስበኝ ስለቆየ ጉዳይ ሐሳቤን ላካፍላችሁ።

ድመት መኪና ሲገጫት፣ ከፎቅ ስትወድቅ ወይም ውሻ ሲነክሳት የፊት እግሯ ክርን ሊወልቅ ወይም ሊሰበር ይችላል። ብዙ ባለቤቶች ግን የሚያመጧት ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። «ድመት ናት፣ ራሷ ትድናለች ብለን ነው» ይሉኛል። ድመት ሕመሟን ትደብቃለች፤ በሦስት እግር መሄድንም ቶሎ ትለምዳለች። እኛም መልመዷን እንደ መዳን እንቆጥረዋለን። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

ለምን መቸኮል ያስፈልጋል?

ክርን የሦስት አጥንቶች መገናኛ ነው። ጅማቶቹ ጠንካራ ስለሆኑ በቀላሉ አይወልቅም፤ ከወለቀ አደጋው ከባድ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከእግሯ በፊት አተነፋፈሷን፣ ደረቷንና ሆዷን ይመረምራል፤ ከዚያ ራጅ ያነሳል።

ውልቃት ብቻ ከሆነና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከመጣች፣ ብዙ ጊዜ መቅደድ ሳያስፈልግ በሙሉ ማደንዘዣ በእጅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዘገየች ግን ጡንቻዋ ይኮማተራል፣ መገጣጠሚያው በጠባሳ ይሞላል፤ ያኔ ቀዶ ሕክምና የግድ ይሆናል። ጅማት ከተበጠሰ ደግሞ ይሰፋል ወይም አጥንት ላይ በሚታሰር ጠንካራ ክር ይተካል።

ስብራቱ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ ቁርጥራጮቹ በትክክል ገጥመው በብሎን፣ በፕሌት ወይም በሽቦ መታሰር አለባቸው። ትንሽ ከፍና ዝቅ ካለ እንኳ አጥንቶቹ እየተፋተጉ ዕድሜ ልክ የሚያሠቃይ የመገጣጠሚያ ሕመም ይተርፋታል። የክርኗ ጫፍ ከተሰበረ ደግሞ ትልቁ የክንድ ጡንቻ ስብራቱን ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚጎትተው በፋሻ ብቻ አይያዝም። ሌላም አለ፤ በድመት ከክርን ከፍ ብሎ ባለው አጥንት ላይ ነርቭና የደም ሥር የሚያልፉበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። ውሻ ይህ የለውም። ይህን የማያውቅ እጅ እግሯን ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

ስለ ወጌሻም ልናገር። ለሙያው አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን መገጣጠሚያ ውስጥ የገባን ስብራት ያለ ራጅ ማንም በጣቱ ሊያየው አይችልም። በእንጨትና በጨርቅ ጠብቆ የታሰረ እግር ደም ተከልክሎ ሲበሰብስ ደግሞ ልናድነው የምንችለው እግር ይቆረጣል።

«ገንዘቡስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ውድ ነው፤ በየቦታውም አይገኝም። የአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትኩረቱ በከብት ላይ ስለሆነ የድመት አጥንት ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ አቅማችሁን ለሐኪማችሁ ሳታፍሩ ንገሩ። መገጣጠሚያውን ለዘለቄታው ማጋጠም ወይም እግሩን መቁረጥም ሕክምና ነው፤ አብዛኞቹ ድመቶች በሦስት እግር ጥሩ ኑሮ ይኖራሉ። የማልቀበለው ሳይመረመሩ ለወራት በሕመም እንዲኖሩ መተውን ነው።

አደጋ ሲደርስ

✔ በፎጣ ጠቅልላችሁ በካርቶን ውስጥ አስተኟት፤ እግሯን አትጎትቱ፣ አትሹት፣ አትሰሩት።

✔ ፓራሲታሞል በፍጹም አትስጧት። የድመት ጉበት መድኃኒቱን ማስወገድ ስለማይችል አንድ ፍሬ እንኳ ሊገድላት ይችላል። አይቡፕሮፊንና ዲክሎፌናክም አደገኛ ናቸው።

✔ ያመማት ድመት ባለቤቷንም ትነክሳለች። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል።

✔ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት።

አይጥ ስታድንልን የኖረች ድመት ስትጎዳ ቢያንስ አንድ ምርመራ አይብዛባት። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ድመት ላላቸው ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።