ሽልማቱን ሳይሆን ወገኑን ጠይቁ

በአቃቂ በሰቃ ካሜራ ለመያዝ የተነሡ ተማሪ ጓደኞቻችን ስለ አንድ ፈር ቀዳጅ ፊልም ሠሪ ሲዘግቡ ሽልማቱን ብቻ እንዳይቈጥሩ አደራ እንላለን።

የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ማርሎን ሪግስ ጥቁር አሜሪካዊና የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. በሠራው «የተፈቱ አንደበቶች» የእርሱና የመሰሎቹ ኑሮ በራሳቸው አፍ ተነገረ። በ1991 ብዙ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አናሳይም አሉ። ሪግስ ግን በኤድስ ታሞ፣ ከሆስፒታል አልጋው ሳይቀር የመጨረሻ ፊልሙን ቀጠለ፤ በ1994 ሲሞት ባልደረቦቹ ፈጸሙለት። በ1996 ካረን ኤቨሬት ሕይወቱን በዘጋቢ ፊልም አወጣችው።

እንግዲህ የሰው ተጽዕኖ የሚታወቀው ከወገኑ ነው። በፊልሙ የተጽናናውም የተቈጣውም ይጠየቅ፤ የሁለቱም ቃል ሳይቈረጥ ይቅረብ። ራሱ ያልተናገረውን ሰው ታሪክ ሌላው እንዳሻው ይናገረዋልና።