አንድ ነጂና ሁለት ነጂ

ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በላይ ባለው በሰከላ አገር፥ ከሱዳን የመጣ አንድ አይሮፕላን በተራሮች መካከል አረፈ። አይሮፕላኑ ቪንሰንት የሚባለው ባለ አንድ ሞተርና ባለ ድርብ ክንፍ ነበር፤ ይዞት የመጣውም ሰው ሻለቃ ዊንጌት ነበር፤ እርሱም በጎጃም ከአርበኞች ጋራ ከነበሩት ከኮሎኔል ሳንድፎርድ ጋራ ስለ ዘመቻው ለመመካከር ነው። ይህን አይሮፕላን ያን ሁሉ ገደል አሻግሮ ያሳረፈው አንድ ነጂ ብቻ ነው።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሳፈር መንገደኛ ግን በአይሮፕላኑ ግንባር ሁለት ነጂዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛል። ጥበቡ ከዚያን ዘመን ይልቅ እጅግ ረቋል፤ መሣሪያውም አብዛኛውን መንገድ ራሱን እየመራ ይሄዳል። ታዲያ በዚያን ጊዜ ለአንድ ሰው የበቃው ሥራ ዛሬ ስለ ምን ሁለት ሰው ፈለገ? ይህን ጥያቄ አሁን አጥብቀው የሚያነሡት የአይሮፕላን ፋብሪካዎችና አንዳንድ ኩባንያዎች ናቸው፤ የሁለተኛው ነጂ ደመወዝ ከብዷቸዋልና።

ብዙ ሰዎች ምክንያቱ የአይሮፕላኑ ክብደት ነው ይላሉ። ይህ በከፊል እውነት ነው፤ በብዙ አገሮች ደንብ ከ5,700 ኪሎ የማይበልጥ አይሮፕላን በአንድ ነጂ እንዲሄድ ሊፈቀድለት ይችላል። ነገር ግን ነገሩ የክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ሲነሣ 30,000 ኪሎ የሚያልፈው ሱኮይ 27 የተባለው የጦር አይሮፕላን በአንድ ሰው ባልተነዳ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገበት ዳግላስ የዚህን እኩሌታ እንኳ አይመዝንም፤ ሆኖም ሁለት ነጂ የሚጠይቅ ነው። የጦር ነጂ ከራሱ በቀር የተረከበው ነፍስ የለም፤ ቢጨንቀውም ወንበሩ ከነሰውየው ተስፈንጥሮ ይወጣና በጃንጥላ ያወርደዋል። የዳግላስ መንገደኛ ጃንጥላ የለውም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም የጀመረው እሸት የተባለው የእርሻ መድኃኒት መርጫ አይሮፕላንም ባለ አንድ መቀመጫ የሆነው፥ በቀን ብርሃን፥ መንገደኛ ሳይዝ፥ ከማሳ በላይ ዝቅ ብሎ ስለሚሠራ ነው።

እንግዲህ ደንቡ የሚቆጥረው የጸጥታውን ሰዓት ሳይሆን የጭንቁን ሰዓት ነው። የቡሬ ወይም የሊበን ገበሬ ማረሻው ድንጋይ ነክቶ ሞፈሩ ቢሰበር፥ በሬዎቹን አቁሞ ከዋርካ ጥላ ሥር ይጠግናል። አይሮፕላን በሰማይ ቆሞ አይጠገንም። አንዱ ሞተር ሲጠፋ አይሮፕላኑ ወደ ጎን ይጎተታል፤ አንዱ ነጂ መሪውን አጥብቆ ሲይዝ፥ ሌላው የትኛው ሞተር እንደ ጠፋ መርምሮ ነዳጁን ይዘጋል፥ የተጻፈውን ሥርዓት ያነባል፥ ከምድር ጋራ በሬዲዮ ይነጋገራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣው ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገብቶበት አንዱ ሞተር ጠፋ፤ ሊመለስ ሲዞርም ሁለተኛው ጠፋ። በሜዳ ላይ ወድቆ ሲቃጠል ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፥ 69ኙ ተረፉ። እንዲህ ባለው ደቂቃ የአንድ ሰው ሁለት እጅ ለየትኛው ሥራ ይበቃል?

ሁለተኛው ነጂ ሌላም ሥራ አለው፤ እርሱም መጠበቅ ነው። አንዱ ሲነዳ ሌላው ይመለከታል፥ የተሳሳተውንም ይናገራል። በብዙ ኩባንያዎች ሁለቱ ነጂዎች አንድ ዓይነት ምግብ እንዳይበሉ እስከ መከልከል የተደረሰው፥ የተበላሸ ምግብ ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዳይጥላቸው ነው። በአንድ መሶብ መቅረብን ለሚያከብር ሰው ይህ እንግዳ ነገር ይመስላል። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮማ ይሄድ የነበረው የኢትዮጵያ አይሮፕላን ዋናው ነጂ ለጥቂት ጊዜ ቢወጣ፥ ረዳቱ በሩን ቆልፎ ወደ ጄኔቭ ወሰደው፤ 202ቱ ሰዎች በደኅና ወረዱ። በ2007 ዓ.ም. መጋቢት ወር በፈረንሳይ ተራሮች ላይ በእንዲሁ ያለ ነገር 150 ሰዎች አለቁ። በሁለቱም ጊዜ አደጋው የመጣው ጠባቂ ሳይኖር አንድ ሰው ብቻውን በቀረበት ሰዓት ነው።

ኩባንያዎቹ የሚያቀርቡት ማስረጃ ያለፈውን ታሪክ ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያመጣቸው የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ከሁለቱ ነጂዎች ሌላ የሞተር ተቆጣጣሪ ነበራቸው፤ በ1976 ዓ.ም. በመጣው ቦይንግ 767 ግን ይህ ሰው ቀረ፤ እንግዲያስ ሁለተኛው ቢቀር ምን ክፋት አለው ይላሉ። ነገር ግን የሞተር ተቆጣጣሪው ሲቀር ሥራውን መሣሪያ ወረሰው እንጂ ነጂው ብቻውን አልቀረም። ሁለተኛው ነጂ ሲቀር ግን መሣሪያው ሲሳሳት ከመሪው ጋራ የሚታገለው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

የመሣሪያ ስሕተት ደግሞ ለኢትዮጵያ የወሬ ነገር አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። የአፍንጫውን አቀና የሚመሰክሩ መለኪያዎች በግራና በቀኝ ሁለት ነበሩ፤ አፍንጫውን ወደ ምድር የሚደፋው መሣሪያ ግን የሰማው የአንዱን ቃል ብቻ ነበር፥ ያም ሐሰት ነበር። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳታቸው አሕመድኑር መሐመድ አብረው መሪውን ቢስቡም ሊያሸንፉት አልቻሉም። ሁለት ሆነውም አልዳኑም የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን የጎደለው ሁለተኛ ሰው ሳይሆን በመሣሪያው ውስጥ ሁለተኛ ምስክር ነበር። ፋብሪካው ኋላ ያረመውም መሣሪያው ሁለቱን መለኪያዎች እንዲያነጻጽር በማድረግ ነው።

በ2017 ዓ.ም. የአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጉዳዩን አስጠንቶ፥ በከፍታ ላይ እንኳ አንድ ነጂ ብቻውን ቢቀመጥ ከሁለቱ እኩል ደኅንነት እንደሚገኝ ለማስረዳት ለጊዜው አልተቻለም ብሏል። ለጊዜው የሚለው ቃል ግን በሩን አልዘጋውም፤ ጥያቄው ሞንትሪያል ባለው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ፊት ተመልሶ መቅረቡ አይቀርም። ኢትዮጵያ በዚያ ድርጅት ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ናት፤ የቢሾፍቱንም ማስረጃ በእጅዋ ይዛለች። በዚያ የሚቀመጡት መልእክተኞችዋ የመንገደኛ አይሮፕላን በአንድ ነጂ ይሂድ የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ ሊቃወሙት ይገባል።