ባክቲ ሰውን ያሳድጋል ወይስ ያደነዝዛል?

በምሥራቅ ፍልስፍና ኮርስ የሂንዱ ሃይማኖት ሲነሣ ክፍላችን የሚሞቀው ካርማና ዳግም ውልደት ላይ ነው። ሻንካራም የራሱ ወዳጆች አሉት። ባክቲ ላይ ስንደርስ ግን እስክሪብቶ የሚያስቀምጠው ተማሪ ይበዛል። ባክቲ በአጭሩ ለአንድ አምላክ በፍቅር መሰጠት ነው፤ ስሙን መጥራት፣ መዘመር፣ አበባ ማቅረብ፣ መስገድ። «ይሄማ ስሜት ነው እንጂ ፍልስፍና አይደለም» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማል። አንዳንዱም በህንድ ፊልም ካየው ዘፈንና ደወል ሌላ ነገር አይታየውም። እኔ በዚህ አልስማማም። ባክቲ ሰውን የሚያሳድግበት ግልጽ አሠራር አለው ባይ ነኝ። የሚቆምበት ቦታም አለው፤ እሱንም ሳልሸሽ አነሣዋለሁ።

ባጋቫድ ጊታ የእውቀትን፣ የሥራንና የባክቲን መንገድ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ክሪሽናም በፍቅር የቀረበለትን ቅጠልም ይሁን ውሃ እንደሚቀበል ይናገራል። እስቲ ይህን ነገር ሳንስክሪት በማያውቅ፣ ለመሥዋዕት የሚከፍለው በሌለው ገበሬ ጆሮ ስሙት። መንገዱ ካለህበት፣ በእጅህ ካለው ይጀምራል ማለት ነው። ኋላ የመጡት የባክቲ ገጣሚዎችም በሕዝቡ ቋንቋ፣ በታሚል፣ በማራቲ፣ በሂንዲ ነው የገጠሙት።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቦታ ልውሰድ። በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ በቢማ ወንዝ ዳር ፓንዳርፑር የሚባል ከተማ አለ። እዚያ የሚመለከው ቪታል ነው፤ ምእመናኑ ከክሪሽና ለይተው አያዩትም። ምስሉ እጆቹን ወገቡ ላይ አድርጎ ጡብ ላይ ቆሟል። ለምን ጡብ ላይ? ፑንዳሊክ የሚባል ሰው አባትና እናቱን ሲያገለግል አምላኩ ራሱ ደጁ ድረስ መጣ ይላሉ። ፑንዳሊክ ሥራውን አላቋረጠም። ጡብ ወርወር አደረገለትና እዚያ ላይ ቆሞ እንዲጠብቀው ነገረው። አምላኩም በዚህ ደስ ብሎት ይኸው እስከ ዛሬ ቆሞ ይጠብቃል። ወላጅን መጦር ከስግደት የሚቀድምበት ታሪክ ያለውን እምነት «ስሜት ብቻ ነው» ሲሉት ይገርመኛል።

በየዓመቱ በሰኔና በሐምሌ መካከል ዋርካሪ የሚባሉት ምእመናን ወደዚህ ከተማ በእግራቸው ይመጣሉ። ትልቁ ጉዞ የሚነሣው ከአላንዲ ነው፤ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው። መመነን አይጠበቅባቸውም፤ ሚስት፣ ልጅ፣ እርሻ አላቸው፣ ጉዞው ሲያልቅ ወደ ማሳቸው ይመለሳሉ። የሚጠበቅባቸው የቱልሲ ዶቃ ማሰር፣ ሥጋና መጠጥ መተው፣ ኤካዳሺ በሚሉት ቀን መጾምና በየጊዜው መምጣት ነው። ቁም ነገሩ ይህ መመላለስ ይመስለኛል። አንድ ቀን አልቅሶ የተለወጠ ሰው በሳምንቱ እንደነበረው ሊሆን ይችላል፤ ሃያ ዓመት የተመላለሰ እግር ግን የሚማረው ነገር አለ። በመንገድ ላይ እርስ በርስ «ማውሊ» ይባባላሉ፣ እናት ማለት ነው። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ የወጣቱን እግር ይነካል። ይህን ማድረግ ለኩራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ዋርካሪዎች መዝሙሩን ከሚዘምሩላቸው ገጣሚዎች አንዱ ቱካራም ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዴሁ በምትባል መንደር ይነግድ ነበር። ረሃብ ገባ፤ ንግዱ ከሰረ፣ ሚስቱና ልጁ ሞቱ። እንደሚተረከው ከዚያ በኋላ ሰዎች የተበደሩበትን ወረቀት ከወንድሙ ጋር ተካፈለና የራሱን ድርሻ ወንዝ ውስጥ ጣለው። እኔን የሚይዘኝ ይህ ወረቀት ነው። ዝማሬውንማ ማንም ይዘምረዋል። ተበዳሪዎቹ ግን የቱካራምን መለወጥ ያወቁት ከዝማሬው አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ባቆም ጽሑፌ ስብከት ይሆናል። ኢራዋቲ ካርቬ የተባለች ህንዳዊት አንትሮፖሎጂስት ከእነዚሁ ተጓዦች ጋር በእግሯ ሄዳ ነበር፤ ስለ ጉዞው የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝኛ ታትሟል። የእሷ ቡድን አብሮ ይዘምራል፣ አብሮ ይሄዳል። የምግብ ሰዓት ሲደርስ ግን ብራህሚኖቹ ለብቻ፣ ማራታዎቹ ለብቻ። ካርቬ ራሷ ከብራህሚን ወገን ናት፤ በነገሩ ማዘኗን አልደበቀችም። ከማራታ ሴቶቹ ጋር ከበላች በኋላ ነው ይበልጥ የቀረቧት። ታዲያ ቀን ሙሉ «እናቴ» ስትለው የዋልከውን ሰው ማታ ገበታህ ላይ ካላስቀመጥከው፣ የቱ ጋ ነው ያደግከው?

የቾካሜላ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ የሞተ ከብት እየጎተቱ እንዲያወጡ ከተፈረደባቸው ከማሃሮች የተወለደ ገጣሚ ነው። ቪታልን ወደደ፣ ገጠመለት፤ መቅደሱን እንዲረግጥ ግን አልተፈቀደለትም። ፋቂና ሸማኔ የስድብ ስም ሆኖ ሲጠራ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ቾካሜላ በግንብ ሥራ ላይ እያለ ግንቡ ተንዶበት ሞተ፣ አጽሙንም ናምዴቭ የተባለው ገጣሚ አምጥቶ ከመቅደሱ ደጃፍ ቀበረው ይባላል። በሩ ለወገኖቹ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ስድስት መቶ ዓመት!

«ጥፋቱ የካህናቱ ነው እንጂ የባክቲ አይደለም» የሚል መልስ ይሰጣል። እኔን አያጠግበኝም። ከማሃሮች የተወለደው ቢ. አር. አምቤድካርንም ያጠገበው አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፉ መታሰቢያነቱን ለቾካሜላና ለሁለት መሰሎቹ ሰጥቷል፤ ሰዎቹን ያከብራቸው ነበር። በመንገዳቸው ግን አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ1956 በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር ቡዲስት ሆነ። ከዚያ በፊትም በ1949 ለሕገ መንግሥት ጉባኤው ባደረገው ንግግር፣ ባክቲ በሃይማኖት በኩል ለነፍስ መዳኛ ሊሆን ቢችልም በፖለቲካ ውስጥ ከገባ የሚያደርሰው ወደ አምባገነንነት እንደሆነ አስጠንቅቋል። (ለመሪ መዝሙር የመግጠምን ነገር እኛም ሳናውቀው አልቀረንም።)

እንግዲህ የእኔ አቋም ከሁለቱ መካከል ነው ብላችሁ እንዳትገምቱ፤ መካከል መቆም አልወድም። ባክቲ ያሳድጋል። ማንም የማይሰማው ማሃር ፊቱን ወደ አምላኩ አዙሮ «አንተ» ብሎ መናገሩ፣ መለመን ብቻ ሳይሆን ማጉረምረሙ፣ ርኩስ ማነው ብሎ መጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። ያንን አፍ የሰጠው ባክቲ ነው። ያላደገው ከደጃፉ ወዲያ ሆኖ የሚሰማው ወገን ነበር፤ እሱም ባክቲ ነበረው፣ እሱም ይዘምር ነበር። ስለዚህ የአንድ ሰው ፍቅር ለአምላኩ ምን ያህል እንደጋለ ብቻ ማየት ምንም አይነግረንም። አጠገቡ ያለው ሰው ምን አገኘ? በዚህ መለኪያ ቱካራም አድጓል። ሳኔ ጉሩጂም አድጓል። ይህ ሰው መምህርና ደራሲ ነበር፤ ብራህሚን ሆኖ ሳለ በ1947 «በሩ ይከፈት» ብሎ በፓንዳርፑር ምግብ ያቆመው እሱ ነው። አድማው በአምላኩ ላይ አልነበረም፤ ስለ አምላኩ ነበር። አምቤድካር ይህ መንገድ በጣም ዘገየ ቢል እውነቱን ነው፣ የምመልስለት የለኝም። ሳኔ ጉሩጂን ግን «ስሜታዊ» ብሎ የሚያልፈው ካለ እዚህ ቢሮ ድረስ መጥቶ ይከራከረኝ።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ባክቲ በኮርሱ ውስጥ የሚያገኘው ጊዜ ጥቂት ነው፤ እሱም ከሻንካራ የተረፈው ነው። የካርቬ ጽሑፍ አጭር ነው፣ የአምቤድካርም ንግግር ረጅም አይደለም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተባዝተው በሚቀጥለው ሴሚስተር ቢሰጡን፣ ያን ቀን እስክሪብቶውን የሚያስቀምጥ ተማሪ የሚኖር አይመስለኝም።