ዕድሜያቸው በምን ይቆጠራል?

ሐይቅ የኖሩት ሴት አያቴ የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ዕድሜያቸውን ስንጠይቃቸው «አባቴ ሰገሌ ሲዘምት እናቴ እኔን አርግዛ ነበር» ይሉን ነበር። የሰገሌ ጦርነት የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ንጉሥ ሚካኤልን ተከትሎ ከዘመተው የወሎ ሰው ብዙው አልተመለሰም፤ አባታቸውም እንደ ወጡ ቀሩ። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ አንድ ልጅ አዝለው፣ አንድ አስከትለው ወደ አምባሰል ተራራ ሸሹ። በ66ቱም ሆነ በ77ቱ ረሃብ ያለችውን ንፍሮ ለልጅ ልጆች አቃምሰው እርሳቸው ጦማቸውን ያድሩ ነበር።

በ1999 ዓ.ም.፣ በ90 ዓመታቸው ሲያርፉ ለቀስተኛው ስንት እንደ ወለዱ ጠየቀ። «ስምንት» አልን። አንዲት አሮጊት ጎረቤት «አሥራ አንድ ናቸው፤ ሦስቱን በጨቅላነታቸው ቀብራለች» አሉ። ስማቸውን ግን እርሳቸውም አላስታወሱም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

እኅቶች፣ እናት በሕይወት ሳለች፣ ቡናው እስኪፈላ ደብተር ይዛችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። በየትኛው ዘመቻ፣ በየትኛው ድርቅ ማንን እንደ ወለደች፣ ማንን እንደ ቀበረች ጠይቁና ጻፉ። ዓመቱ ከታሪክ መጽሐፍ ይገኛል፤ የልጆቹን ስም ግን ከእርሷ በቀር የሚነግረን የለም።