መልቀቂያው በማን እጅ ነው?

ከአየር ጤና አደባባይ በጅማ መንገድ ወደ ዓለም ገናና ሰበታ በማለዳ ከሚሳፈሩት ቱታ ለባሾች መካከል የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች አሉ። ልምምዳቸውን ጨርሰው ደብተራቸውን ይዘው ክፍል ይገባሉ። ወሬያቸው ሁለት ነው፦ ክለብ መግባትና በሩጫ ስኮላርሺፕ አግኝቶ አሜሪካ ኮሌጅ መሄድ። ሁለቱም መልካም ምኞት ነው። የሚያሳዝነኝ አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ሊዘጋ እንደሚችል የሚነግራቸው ሰው መጥፋቱ ነው።

እዚያው አደባባይ አካባቢ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት አንዲት ሯጭ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕቷን ስታባዛ አገኘኋት። «ለስኮላርሺፕ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። 11ኛ ክፍልን አቋርጣ ክለብ ገብታለች። ወረቀቱን አምጪ ያላት ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ቅድሚያ ክፍያም ጠይቋታል። 12ኛን ሳትጨርስ ነገሩ እንደማይሆን ግን አልነገራትም።

ደንቡ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ በከፍተኛው እርከን፣ በዲቪዚዮን አንድ፣ መወዳደር የሚፈልግ ተማሪ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 16 ዋና ዋና ትምህርቶችን እንዲጨርስና አማካይ ውጤቱ ከ2.3 እንዳያንስ ይጠይቃል። ሲሠራበት በቆየው ሥርዓት፣ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ በኋላ ያለው እፎይታ አንድ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲያ ኮሌጅ ሳይገባ እየተወዳደረ የሚያሳልፈው ዓመት ከአራቱ የኮሌጅ የውድድር ዓመታቱ ላይ ይቀነስበታል። ከወጪው በላይ ሽልማት ወይም ደመወዝ መቀበልም ሌላ ጣጣ አለው። ስለዚህ በ17 ዓመቷ የክለብ ውል የፈረመች ልጅ፣ ሳታውቀው ስለ ኮሌጅም እየወሰነች ነው።

ክለቦቻችንን ለመውቀስ አይደለም። አበበ ቢቂላን ክብር ዘበኛ፣ ምሩጽ ይፍጠርን አየር ኃይል ባያቅፏቸው ኖሮ የኢትዮጵያ ሩጫ ሌላ መልክ በኖረው ነበር። ጎረቤቶቻችን ግን የኮሌጁንም መንገድ ቀድመው ለምደውታል። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ሶማሊያዊው አብዲ ቢሌም የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው፤ በ1987 በሮም የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች አሜሪካ የተወለደው ያሬድ ንጉሤ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ ባዮኬሚስትሪ ተማረ፤ በ2024 ደግሞ በፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ ወሰደ። እግሩን ቢታመም እንኳ የሚኖርበት ሙያ በእጁ ነበር። ለአየር ጤና ልጆች የምመኘው ይህንን ነው።

ከሁሉ በላይ ልናየው የሚገባን የዝውውሩን ነገር ነው። እኛ ዘንድ ክለብ የሚቀይር አትሌት መልቀቂያ ያስፈልገዋል፤ መልቀቂያ ደግሞ በክለቡ በጎ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። አሜሪካኖቹም ዘንድ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ተመሳሳይ ነገር ነበር፦ መልቀቅ የሚፈልገውን ተማሪ ነባሩ ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር እንዳይነጋገር ሊከለክለው ይችል ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ደንቡ ተለወጠ። ተማሪው መልቀቅ እንደሚፈልግ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ኮሌጁ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን የዝውውር መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ማስፈቀድ ቀረ፤ ማሳወቅ ብቻ በቂ ሆነ። ከ2024 ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ትምህርቱን በአግባቡ እስከተከታተለ ድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢዛወርም ከውድድር አይታገድም።

በእርግጥ እዚያም ሁሉ አልጋ በአልጋ አይደለም። ብዙ ስኮላርሺፕ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፤ በሩጫ ደግሞ ከፊል ብቻ የሚሸፍን ይበዛል። በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ኮሌጆች ለአትሌቶች በቀጥታ እንዲከፍሉ ቢፈቀድም፣ የተማሪ ቪዛ ለያዘ የውጭ ዜጋ ገንዘብ ማግኘቱ ቀላል አይደለም። ከዚህ ሄዶ ስኮላርሺፑ የተቋረጠበት ልጅ የሚደርስለት ዘመድም ላይኖረው ይችላል። ይህንን ሁሉ ከመነሻው ማወቅ አለባቸው።

እንዲያውቁም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት መምህራን ደንቡን በአማርኛ ተርጉመው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፉት ብዙ ወጪ የለውም። ክለቦችም በታዳጊ ውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ ለትምህርት የሚሄድ አትሌት በጽሑፍ ካሳወቀ መልቀቂያው አይከለከልም። ወላጅም ከልጁ ጎን ሆኖ ከመፈረሙ በፊት «ልጄ ኮሌጅ ብታገኝ መልቀቂያውን በስንት ቀን ትሰጧታላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ ያስጽፍ።