ራሺድ ኻን፦ የአገሩን ስም በኳስ የተሸከመ ወጣት

በዕረፍት ቀን ማለዳ በሻርጃ ወይም በዱባይ ዳርቻ ባሉት ባዶ ሜዳዎች በኩል የሚያልፍ ሰው የፓኪስታን፣ የህንድ፣ የባንግላዴሽና የአፍጋኒስታን ሠራተኞች ጠፍጣፋ የእንጨት መምቻ ይዘው ሲጫወቱ ማየቱ አይቀርም። ለአብዛኛው አማርኛ ተናጋሪ ክሪኬት እንግዳ ጨዋታ ነው። ሕጉ የተወሳሰበ፣ ሰዓቱም የማያልቅ ይመስላል። በእነዚያ ሜዳዎች ከሚጠሩት ስሞች አንዱ ግን ከስፖርት ገጾች አልፎ በፖለቲካና በሃይማኖት ክርክሮች ውስጥ ገብቷል፤ ራሺድ ኻን።

ራሺድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1998 በምሥራቅ አፍጋኒስታን፣ በናንጋርሃር ግዛት ነው። ቤተሰቡ ከጦርነቱ ሸሽቶ በፓኪስታን ለዓመታት በስደት ኖሯል። ጨዋታው ራሱ ወደ አፍጋኒስታን የገባው በስደተኞች እጅ ነበር። በፔሻዋር ዙሪያ በነበሩት መጠለያዎች ያደጉ ልጆች ከጎረቤቶቻቸው ተምረውት ይዘውት ተመለሱ። ከስደት ኑሮ ለአገር የሚተርፍ ነገር ጥቂት ነው፤ ክሪኬት ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ሆነ።

ለብሔራዊ ቡድኑ በጥቅምት 2015 ከዚምባብዌ ጋር ሲሰለፍ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ሥራው ኳስ መወርወር ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ የምትታጠፍ የምትመስለው ኳስ መሬት ነክታ ወደ ሌላው ትዞራለች፤ በዚህ ዓይነት አወራወር ከሚታወቁት ሌሎች ይልቅም ኳሱ ይፈጥናል። መቺው የእጁን እንቅስቃሴ አይቶ ለማወቅ ጊዜ አያገኝም። በ2017 በካሪቢያን ደሴት በሴንት ሉሲያ 18 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ ሰባት የዌስት ኢንዲስ መቺዎችን አሰናበተ። በዚያው ዓመት የህንዱ ታላቅ ሊግ ክለብ ሰንራይዘርስ ሃይደራባድ በ40 ሚሊዮን ሩፒ ገዛው። በመጋቢት 2018 በ44 የአንድ ቀን ግጥሚያዎች ብቻ 100 መቺዎችን በማሰናበት የወቅቱን ክብረ ወሰን ያዘ። በየካቲት 2025 ደግሞ ቲ20 በሚባለው አጭር የጨዋታ ዓይነት ከ631 በላይ መቺዎችን በማሰናበት የትሪኒዳዱን ድዌይን ብራቮን በልጦ የዓለም ቀዳሚ ሆነ።

መንገዱ ሁሉ ግን ድል አልነበረም። አፍጋኒስታን በሰኔ 2018 በባንጋሎር የመጀመሪያውን የቴስት ግጥሚያ ስታደርግ አምስት ቀን የተመደበለት ጨዋታ በሁለት ቀን ውስጥ በከባድ ሽንፈት ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አውስትራሊያ ውስጥ ለአዴሌድ ክለብ በሚጫወትበት ጊዜ አባቱ ሞቱ፤ በማግሥቱ ሜዳ ገባ። በ2019 የዓለም ዋንጫ እንግሊዞች በማንቸስተር 54 ኳሶቹን 110 ነጥብ መቱበት፣ አንድ መቺ እንኳ ሳያሰናብት። ከሦስት ወር በኋላ በባንግላዴሽ ቺታጎንግ፣ 21ኛ ዓመቱን ሳይደፍን የቴስት ቡድን አምበል ሆኖ ተሰለፈ፤ በቴስት ታሪክ ከእሱ ያነሰ አምበል አልነበረም። በዚያ ግጥሚያ 11 መቺዎችን አሰናብቶ አገሩን ለድል አበቃ። ከቁጥሮቹ ሁሉ ይህ አመላለስ ስለ ሰውየው የበለጠ ይናገራል።

ከነሐሴ 2021 ወዲህ ግን የራሺድን ሥራ በነጥብ ብቻ መለካት አልተቻለም። ካቡል ከመውደቋ ጥቂት ቀናት አስቀድሞ የዓለም መሪዎች አገሩን በትርምስ ውስጥ ጥለው እንዳይሄዱ ተማጽኖ ነበር። ታሊባን ሥልጣን ከያዘ በኋላ ቡድኑ በዓለም መድረክ የሚሰለፈው አሁንም በቀድሞው ሪፐብሊክ ጥቁር፣ ቀይና አረንጓዴ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ነው። ሆኖም በሰኔ 2024 አውስትራሊያን፣ ከዚያም ባንግላዴሽን አሸንፈው ለቲ20 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርሱ፣ የታሊባን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አሚር ኻን ሙታቂ ራሺድን በቪዲዮ ደውለው እንኳን ደስ አለህ ብለውታል። ሕዝብ የሚወደውን ቡድን ማንኛውም ገዢ በአጠገቡ ቢያቆም ይወዳል።

ጥያቄው የሚነሳው ከዚህ ነው። የአፍጋኒስታን ክሪኬት ቦርድ በ2020 መጨረሻ ለ25 ሴት ተጫዋቾች ውል ሰጥቶ ነበር፤ ዛሬ በአገሪቱ የሴቶች ቡድን የለም። የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ከሙሉ አባላቱ የሴቶች ክሪኬትን ይጠብቃል፣ የአፍጋኒስታን አባልነት ግን እንዳለ ቀጥሏል። አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ከራሺድ ቡድን ጋር ሊደረጉ የነበሩ የሁለትዮሽ ግጥሚያዎችን ደጋግማ ሰርዛለች። በዓለም ዋንጫ ግን ከዚሁ ቡድን ጋር ተጫውታለች። ነጥብና ገንዘብ ሲኖርበት የሚለዝብ መርሕ ለማሳመን ይቸገራል።

የመገለል ደጋፊዎች የአፓርታይድን ደቡብ አፍሪካ ይጠቅሳሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው፤ ያች አገር ከዓለም ክሪኬት ለሁለት አሥርት ዓመታት ተገልላ ኖራለች። የዚያ ትግል ዋጋ በሌላም ወገን ተከፍሏል። ኢትዮጵያ በ1976 ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ስትወጣ ምሩፅ ይፍጠር ዕድሉን አጥቶ እስከ ሞስኮ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ይሁን እንጂ ደቡብ አፍሪካ እንድትገለል ከጠየቁት ቀዳሚዎቹ ተበዳዮቹ ራሳቸው ነበሩ። በአፍጋኒስታን ጉዳይስ ተበዳዮቹ ምን አሉ?

በ2024 አጋማሽ በአውስትራሊያ በስደት ያሉ 17 ሴት ተጫዋቾች ለዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ደብዳቤ ጽፈዋል። በደብዳቤያቸው ራሺድንና ቡድኑን ለግማሽ ፍጻሜ በመድረሳቸው እንኳን ደስ አላችሁ አሉ፤ እንደ ወንዶቹ አገራቸውን መወከል ባለመቻላቸው ማዘናቸውን ገለጹ፤ በስደተኞች ቡድንነት እንዲጫወቱ ድጋፍ ጠየቁ። የወንዶቹ ቡድን ይታገድ አላሉም። ስለ እነሱ ሲከራከሩ ይህን ደብዳቤ የሚዘሉ ፖለቲከኞች ብዙ ናቸው።

ራሺድ ራሱስ? በታኅሣሥ 2024 መጀመሪያ ታሊባን ሴቶች ከአዋላጅነትና ከነርስነት ትምህርት እንዲወጡ ሲያዝ፣ በይፋ ከተናገሩት የመጀመሪያዎቹ ስመ ጥር አፍጋናውያን አንዱ ሆነ። ንግግሩን ያቆመው በምዕራባውያን ቃላት ላይ አይደለም። እስልምና ለወንድም ለሴትም ዕውቀት መፈለግን ማዘዙን፣ ቁርኣን ለትምህርት የሰጠውን ቦታ አነሳ፤ አገሪቱ የሴት ሐኪሞችና ነርሶች ብርቱ እጥረት እንዳለባት ጠቅሶ ውሳኔው እንዲታይ ለመነ። ክርክሩን አስቸጋሪ ያደረገው ይህ ነው። ታሊባን የውጭ ጫና ነው ብሎ ሊገፋው አይችልም፤ ተናጋሪው ከናንጋርሃር የወጣ፣ በየመንደሩ ልጆች የሚኮርጁት ሙስሊም ነው። የመጀመሪያው ወሕይ በማንበብ ትእዛዝ መጀመሩን የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ ከየት እንደመጣ ይረዳል። ቡድኑ ከመድረክ ቢወርድ ኖሮ ይህ ድምፅ ምን ያህል ሩቅ ይሰማ ነበር?

ንግግሩ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ስለ ሕክምና ትምህርት እንጂ ስለ ሴቶች ክሪኬት አልነበረም። ዩኒቨርሲቲዎች ለሴቶች ከተዘጉም ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ሊሞላ ቀናት ቀርተውት ነበር። አገሩ ዘመድ ያለው ሰው ቃሉን እንደሚመዝን መረዳት አያዳግትም፤ ከአገር የተሰደዱት ሴቶችም ከእሱ የበለጠ ቢጠብቁ አይፈረድባቸውም።

ሴቶቹ በጥር 30 ቀን 2025 በሜልበርን ጀንክሽን ኦቫል ሜዳ ከሸሹ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቡድን ተሰለፉ። በሚያዝያ የዓለም ክሪኬት ምክር ቤት ከህንድ፣ ከእንግሊዝና ከአውስትራሊያ ቦርዶች ጋር የሚደግፋቸው ፈንድ ማቋቋሙን አስታወቀ። ድጋፉ ሥልጠናንና ወጪን የሚመለከት ነው፤ ራሺድ በደረቱ ላይ የሚያደርገውን የአገር ስም ግን አልሰጣቸውም።