ከመለካት በፊት መጠየቅ

ልጅዎ «የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ልማር» ቢልዎ፣ «ምን እንጀራ ይሆንሃል?» ከማለትዎ በፊት የሩማንያን ነገር ያስቡ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2000 በባያ ማሬ የወርቅ ማጣሪያ ዝቃጭ የያዘ ግድብ ተደርምሶ፣ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ሳያናይድ ያለበት ፍሳሽ ወንዝ ገባ። ድንበር ተሻግሮም በሃንጋሪ የቲሳ ወንዝን ዓሣ ፈጀ።

ከሶሻሊዝም የወጡት አገሮች ኬሚስትና መሐንዲስ አላጡም። የጎደላቸው አደጋን አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ የነዋሪውንም ስጋት የሚሰማ ባለሙያ ነበር። ቡዳፔስት ላይ ሴንትራል ዩሮፒያን ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ሳይንስን ከፖሊሲ ጋር አጣምሮ አስተምሯል፤ የሚያስፈልገውም እንዲህ ያለው ነው።

እኛ ነርሶች ሙቀት ከመለካታችን በፊት «የት ጋ ያምዎታል?» እንላለን። እርስዎም ዩኒቨርሲቲ ሲያማርጡ፣ ተማሪዎቹ ከቤተ ሙከራ ወጥተው ነዋሪውን ያነጋግሩ እንደሆነ ይጠይቁ።